የእንግሊዝ ገደል፣ የአባ ይመር አጥር

ባለፈው ወር ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ «እማ፣ የውሃ ቀለም ይዛችሁ ኑ ተብለናል» አለችኝ። የስፌት ማሽኔን ሸፍኜ አብረን አሶሳ ገበያ ዳር ወዳለው የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሄድን። ሻጩ ከላይኛው መደርደሪያ አንዲት ጠፍጣፋ ሳጥን አውርዶ ክዳኗን ከፈተልን። ክብ ክብ ቀለሞች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ መሀላቸው ቀጭን ብሩሽ ተጋድሟል። ልጄ ጣቷን ቀዩ ላይ አሳረፈች። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ሻጩ፣ «እትዬ፣ ሽቶ እኮ አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ያ ሽታ፣ ትንሽ እንደ ማር ትንሽ እንደ እርጥብ ኖራ የሚለው ሽታ፣ አራተኛ ክፍል አድርሶ መለሰኝ።

ያኔ የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የሰፈራ አምባ ነበር። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። አልጋችን ቀርከሃ፣ አጥራችን ቀርከሃ፣ ጎተራችን ቀርከሃ ነበር። ነፋስ ሲነሳ ከአምባው ጀርባ ያለው የቀርከሃ ጫካ እንደ ሠርግ ቤት ሰው ይንሾካሾካል። ማንጎ በሚደርስበት ወራት ደግሞ ልጅ አዋቂው አፉ ዙሪያ ቢጫ ይሆናል። እናቴ ማታ ማታ «እራት የሚበላ ማን ነው?» ብላ ስትጠይቅ ማናችንም መልስ አንሰጥም ነበር፤ ሆዳችን እንደ ከበሮ ተወጥሮ የት ይገባል!

ከአምባችን ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ጎርፍ የቆረሰውን የአንድ ትልቅ ቦረቦር ጠርዝ ይዞ የሚሄድ የእግር መንገድ ነበር። በግራ በኩል ቦረቦሩ፣ በቀኝ በኩል የአባ ይመር የቀርከሃ አጥር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከቦረቦሩ የሚነሳው የቀይ አፈር ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አንደኛ ክፍል ስገባ አራት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የምናልፍበት። ሦስተኛ ክፍል ስደርስ ሁለት ሁለት ሆንን። አራተኛ ክፍል ላይ በነጠላ ሰልፍ፣ እንደ ጉንዳን። በየክረምቱ ቦረቦሩ ከጠርዙ አንድ ጉርሻ እየገመጠ ይሄዳል። እኛ ልጆች ግን ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የምናየው። ማን ነው ዓይኑን ጨፍኖ ከሾላው እስከ ኩርባው የሚደርስ? ማን ነው ጠጠር ጥሎ ታች እስኪያርፍ ድረስ ብዙ የሚቆጥር? በጠጠሩ ጨዋታ ከዓምናው ያነሰ የሚቆጥር አልነበረም፤ ቦረቦሩ እየጠለቀ በየዓመቱ ቁጥሩ ይጨምር ነበርና።

የመንገድ ጓደኛዬ ሐዋ ነበረች። ከአምባችን ቀጥሎ ካለው የበርታ መንደር ነው የምትመጣው። ቤቷ የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛን የተማረችው ከእኛ ጋር ስትጫወት ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች። «አንተ ሉባባ፣ ቶሎ ና! ደወል ተደወለ!» ስትለኝ እናቴ ደጅ ሆና በሳቅ ትሞታለች። ሐዋ የምትፈራው ነገር አልነበራትም። ጅብም፣ እባብም፣ ርእሰ መምህሩንም አትፈራም። እኔ የምፈራው ብዙ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን አባ ይመርን።

አባ ይመር ከወላጆቼ ጋር በአንድ መኪና ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ራሳቸው ላይ የሹራብ ቆብ ደፍተው ቀኑን ሙሉ ማሳቸው ውስጥ ይውላሉ። በቆሏቸው የተስተካከለ፣ ማንጎዎቻቸው እንደ ወታደር የተሰለፉ። ከአጥሩ ውጭ የወደቀ ማንጎ እንኳ ስናነሳ ካዩን ድምፃቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ይሰማል። መንገዱ እየጠበበ ሲመጣ አባቴና ሌሎች አባቶች ሦስት ጊዜ ሄደው አጥሩን ጥቂት ወደ ውስጥ እንዲያስገቡ ለምነዋቸው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ «ስንዝር አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። በሦስተኛው አባቴ ተቆጥቶ ተናገራቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰላምታም አይለዋወጡም ነበር።

የአራተኛ ክፍል አስተማሪያችን ቲቸር ጫልቱ ትባላለች። ከወለጋ የመጣች፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ወጣት ነበረች። ስትደሰትም ስትናደድም «ያ ኢጆሌ!» ትለናለች፤ «እናንተ ልጆች» ማለቷ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ከፊቷ ነበር የምንለየው። አንድ ቀን ለትምህርት ቤቱ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ የመጻሕፍት ካርቶን ተከፈተ። መጻሕፍቱን አንብቦ የሚጨርሳቸው አልተገኘም፤ ከሥራቸው ግን የተጠቀለለ ትልቅ የሥዕል ቅጂ ወጣ። ቲቸር ጫልቱ ወደ ክፍላችን አምጥታ ከሰሌዳው አጠገብ ግድግዳው ላይ በአራት ሚስማር ሰካችው።

ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እያነበበች አስረዳችን። የቪክቶሪያ ዘመን በሚባለው ጊዜ፣ የእኛ አያቶች አያቶች ልጅ በነበሩበት ወቅት፣ እንግሊዝ አገር በውሃ ቀለም የተሣለ ነው። ከላይ ፈዘዝ ያለ ሰማይ፣ ከታች ሰፊ ሰማያዊ ነገር፣ መሀል ላይ ሣር የለበሰ ገደል፣ በገደሉ ጫፍ የእግር መንገድ። መንገዱ ላይ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴትዮ ቅርጫት አንጠልጥላ ትሄዳለች። ያ ብቻ ነው። ክፍሉ ቅር አለው። ንጉሥ የለው፣ አንበሳ የለው፣ ጦርነት የለው። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሰው ለምን መንገድ ይሥላል?» ብሎ ጠየቀ። እሷም ትንሽ አሰበችና «ምናልባት ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ ይሆናል» አለችው።

ሰማያዊው ነገር ባሕር ነው ስትል ክርክር ተነሳ። ከመካከላችን ባሕር ያየ ማንም የለም። ሐዋ ብድግ አለች። «ኻሌ አይቷል። ፖርት ሱዳን ሄዷል፣ አይቷል። ባሕር ጨው ነው። አያልቅም» ብላ ተቀመጠች። ኻል የምትለው የእናቷን ወንድም ነው፤ በሱዳን በኩል የሚነግድ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

የኔ መቀመጫ ግድግዳው ሥር ስለነበር ሥዕሉን ከሁሉም በላይ የማየው እኔ ነበርኩ። ሒሳብ ሲከብደኝ ዓይኔ ወደዚያ ይሄዳል። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር አየሁ። መንገዱ አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነው። ሰፊው መንገድ ገደሉ ጫፍ ደርሶ ድንገት ይቆረጣል፤ ከፊቱ አየር ብቻ ነው ያለው። ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ሌላ ቀጭን መንገድ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በአንድ ማሳ ዳር ያልፋል። ሴትዮዋ የምትሄደው በቀጭኑ ነው። ለቲቸር ጫልቱ ሳሳያት ጠጋ ብላ አየችና ዓይኗ በራ። «ባሕሩ መሬቱን እየበላባቸው ነው፣ ሉባባ። መንገዳቸውን ወደ ውስጥ አዞሩት» አለችኝ። ለብዙ ጊዜ ከፊቴ የነበረ ነገር ያን ቀን ገና አገር መሰለኝ፤ እዚያም እንደ እኛው ያለ ቦረቦር አለ ማለት ነው።

ግንቦት ገባ። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበት አንድ ዓርብ ጧት በነጠላ ሰልፍ እየሄድን ነበር፤ ሐዋ መጨረሻ ናት። ከኋላዬ እንደ ከባድ ሰው ትንፋሽ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ስል መሬቱ ተሰንጥቆ፣ ሐዋ በአንድ እግሯ ቆማ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታለች። «ዝለይ!» ብዬ ጮኽኩ። ዘለለች፤ ደረቴ ላይ አረፈችና ሁለታችንም አጥሩ ሥር ወደቅን። ከኋላዋ መንገዱ፣ ከነሣሩና ከነድንጋዩ፣ ቀስ ብሎ እንደሚቀመጥ በሬ ወደ ታች ሄደ። ቀይ ጭቃና ውሃ ተደባልቆ ረጨን። ሐዋ ተነስታ፣ ጎንበስ ብላ ቦረቦሩን ትመለከታለች። የግራ እግሯ ፕላስቲክ ጫማ አብሮ ወርዷል። «ጫማዬ ገባ! አንተ ሉባባ፣ አዲስ ነበረ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ነው እኔም ያለቀስኩት፤ ለጫማው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ መንገድ አልነበረም። ከተናደው ቦታ እስከ አጥሩ ድመት የምታልፍበት ያህል እንኳ አልቀረም። ከሰዓት በኋላ ወላጆች በመኪናው መንገድ ዞረው ሊወስዱን መጡ። በዚያ በኩል ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ወንዝም ማቋረጥ አለ፤ ክረምቱ ሲበረታ ወንዙ ጭራሽ አያሳልፍም። ከክፍሉ በር ሆኜ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ለቲቸር ጫልቱ ነው የሚነግራት። «ዝናቡ እስኪያልፍ ቤት ይቆያሉ። ምን ላድርግ የኔ እህት? ልጄን ለቦረቦር አልገብርም።» እሷም ፈተናው ሰኔ ላይ እንደሆነ፣ ካልተፈተንን ክፍል እንደምንደግም ነገረችው። «ይድገሙ» አለ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ፊቱ ግን ጠቁሮ ነበር።

ሐዋ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ከጎኔ ቆማለች። እንባዋ ደርቋል። ወደ ግድግዳው በአገጯ አሳየችኝና «እሱን ለሽማግሌው እናሳየው» አለችኝ።

«ለየትኛው ሽማግሌ?»

«አጥሩ ያለው።»

አባ ይመርን ማለቷ ነው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሌላ ሴት ልጅ ስትደግም፣ ስትቀር፣ ከዚያም ስትዳር አይቻለሁ። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልናቸው፤ ሥዕሉን ጠቅልዬ ደብተር በምይዝበት የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ስርቆቴ ነው። የመጨረሻውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም አልሆነልኝም። ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ ያዘን፤ ወንዙን አባቴ በትከሻው ሲያሻግረኝ ከረጢቱ ከእጄ ሾልኮ ውሃ ውስጥ ገባ። አባቴ በእግሩ አግዶ ያዘልኝ። «ደብተሩ ነው አይዞሽ፣ ይደርቃል» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው!

ቅዳሜ ጧት ሥዕሉን ፀሐይ ላይ ዘርግተን ስናየው ተኮማትሯል፤ የባሕሩ በኩል ያለው ጥግ ተቦጭቆ ወንዙ ውስጥ ቀርቷል። መንገዶቹ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው። ይዘነው ሄድን። አባ ይመር በቆሎ እየኮተኮቱ ነበር። በአምባችን በኩል ከአጥሩ ውጭ ቆመን «አሰላሙ አለይኩም» አልን።

«ወአለይኩም ሰላም። ማንጎው ጥሬ ነው፣ ሂዱ» አሉን ቀና ሳይሉ።

«ማንጎ አይደለም አባ ይመር። ሥዕል ልናሳይዎት ነው» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ጫጩት ሆኖ።

«ሥዕል ምን ያረግልኛል?»

«አንተ መጀመሪያ እይ» አለቻቸው ሐዋ። ሽማግሌውን አንተ! አባ ይመር ቀና ብለው አዩአት፤ ከዚያ ወደ ባዶ እግሯ አዩ። መኮትኮቻቸውን ጣሉና መጡ። ሥዕሉን ሣር ላይ ዘረጋንላቸው። ቁጢጥ ብለው የደረቀውን ጭቃ በአውራ ጣታቸው አራገፉ።

«ይኸ ታች ያለው ሰማይ ነው?»

«ባሕር ነው። እንግሊዝ አገር ነው» አልኩ።

«ማሳው የማን ነው?»

አላውቅም። ሐዋ ግን «የእንግሊዝ ሰው» አለች።

«ምን ዘርቶበታል?»

«በቆሎ» አለች፤ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

አባ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰነፍ ነው። ወላሂ ሰነፍ ነው! ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ እንጨት የለው። መሬት እንዲህ ነው የሚያዝ? ሥር በሌለበት አፈር ምን ይዞት ይቆማል?»

«አንተም የለህም» አለች ሐዋ።

በዚያች ሰዓት ቦረቦሩ አፉን ከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።  አባ ይመር ወደ አጥራቸው ዞረው፣ ከአጥሩ ወዲያ ትናንት የተናደውን ቀይ ቁስል አዩ። ያን ሳይ ድፍረት አገኘሁ መሰለኝ፣ ጣቴን ሥዕሉ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። «አባ ይመር፣ ይኸኛው የድሮው መንገድ ነው። ተቆርጧል። ይኸኛው አዲሱ ነው። ሰውየው አጥሩን ወደ ውስጥ ሳበላቸው።»

«ሰውየው እንደሳበ በምን አወቅሽ?»

«ሴትዮዋ እየሄደችበት ነው እኮ።»

ለረጅም ጊዜ ሴትዮዋን አዩአት። ሲናገሩ ድምፃቸው የማውቀው አልነበረም። «እኔ ወሎ መሬት ነበረኝ ልጄ። ዓይኔ እያየ ሄደ። ግማሹን ጎርፍ፣ ግማሹን ነፋስ ወሰደው፤ የቀረውን ድርቁ ጨረሰው። ከብቶቼም አለቁ። እዚህ አምጥተው ይችን ሲሰጡኝ፣ ከእንግዲህ ስንዝር ለማንም ብዬ ምያለሁ።»

  «ለሰው አትስጥ። ለመንገድ ስጥ» አለቻቸው ሐዋ።

አባ ይመር ብድግ አሉ። «ሂዱ ወዲያ! ሥራ አስፈታችሁኝ» ብለው መኮትኮቻቸውን አነሱ። ሥዕሉን ጠቅልለን አንገታችንን ደፍተን ሄድን። ጥቂት እንደራቅን ከኋላ ተጣሩ። ዘወር አልን። «ያችን ወረቀት ከዝናብ ጠብቋት!» ብቻ ነው ያሉት።

እሑድ ጧት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የመጥረቢያ ድምፅ ነው። አባቴ ደጅ ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ ወደ ድምፁ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አባ ይመር ብቻቸውን አጥራቸውን እየነቀሉ ነበር። አዲሱን መስመር አምስት እርምጃ ወደ ውስጥ በካስማ ምልክት አድርገውበታል። በመስመሩ ላይ ገና ፍሬ መስጠት የጀመሩ ሁለት ማንጎዎች ነበሩ፤ አንደኛው ወድቋል። አባቴ ቆሞ አያቸው፤ እሳቸውም አዩት። ከዚያ አባቴ ጎንበስ ብሎ የተነቀለውን አጥር አንድ ጫፍ ያዘ። አባ ይመርም ሌላኛውን ያዙ። «ወደ ላይ አድርገው» አሉት። ሰላምታቸው እሱ ሆነ።

ረፋዱ ላይ የአምባው ወንዶች ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ የሐዋም አባትና ኻሏ ከመንደራቸው ቀርከሃ ተሸክመው መጡ። ሁለተኛው ማንጎ ሲወድቅ አባ ይመር ፊታቸውን አዞሩ። ባለቤታቸው እማማ ዘሀራ ግን የረገፈውን ጥሬ ማንጎ በነጠላቸው አፍሰው፣ በቢላ ቆራርጠው፣ ጨውና በርበሬ ነስንሰው ለእኛ ለልጆች አደሉን። ከመኮምጠጡ የተነሳ አንድ ዓይን ሳይጨፈን አይበላም። እንደዚያ የጣመኝ ማንጎ ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም።

አጥሩ ሲያልቅ አባ ይመር እኛን ሰበሰቡን። «ስሙኝ! ነገ በዚህ የሚያልፍ ልጅ ሁሉ አንዳንድ የቀርከሃ ሥር ይዞ ይምጣ። ጠርዙ ላይ እንተክላለን። ያላመጣ በእንግሊዝ በኩል ይዙር!» ሐዋና እኔ ተያየን። ሌሎቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባቸውም።

ሰኞ ጧት ሁሉም ልጅ ጭቃ የተሸከመ የቀርከሃ ሥር ታቅፎ ተሰለፈ። አባ ይመር በዱላቸው እየለኩ «እዚህ፣ አይደለም እዚህ፣ ቀብረው፣ ርገጠው» ይላሉ። ሐዋ ሁለት ተከለች፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለጫማዋ። ትምህርት ቤት ስንደርስ ጆሯችን ድረስ ቀይ ነበርን።

ክፍል ስንገባ ቲቸር ጫልቱ ባዶው ግድግዳ ፊት ቆማለች። «ያ ኢጆሌ» አለች በቀስታ፤ ይኼኛው የንዴቱ ነበር። እጄን አወጣሁ። የሐዋም እጅ አብሮኝ ወጣ። የተኮማተረውን ሥዕል ከከረጢቱ አውጥቼ ሰጠኋትና ከዓርብ እስከ እሑድ የሆነውን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ከኋላ ተቀምጠው ያልሰሙት ልጆች ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ እኛ ተጠጉ። ስጨርስ አጎንብሳ የተቦጨቀውን ጥግ አየች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ስትመለስ ግን እየሳቀች ነው። «ሰርቀሻልና ትቀጫለሽ። የቀረውን ባሕር አንቺ ትሥይዋለሽ» አለችኝ።

ከመሳቢያዋ አንዲት ሳጥን አወጣች። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለች የገዛችው የውሃ ቀለም ነበር፤ ለማንም አውጥታው አታውቅም። ብሩሹን ውሃ ነክሬ ቀለሙ ላይ ሳዞረው ያ ሽታ ወጣ። በንጹሕ ወረቀት ላይ የጎደለውን ጥግ ሣልኩ፤ እሷም በሙጫ ከቦታው ለጠፈችው። ክፍሉ በሙሉ አየና በሳቅ ፈረሰ። ባሕሩን ቀይ አድርጌዋለሁ። ምን ላድርግ? እኔ የማውቀው መሬት የሚበላ ውሃ ሁሉ ቀይ ነበር። ሐዋ «ኻሌ ሰማያዊ ነው ብሏል!» ብላ ተቃወመች። ቲቸር ጫልቱ ግን እንባዋን እየጠረገች «ይሁን፣ ይኼ የእኛ በኩል ነው» ብላ መልሳ ሰቀለችው።

ከሳምንት በኋላ አባ ይመር የታጠበ ቆብ ደፍተው ትምህርት ቤት መጡ። ክፍል ውስጥ ገብተው አያውቁም ነበር፤ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አወለቁ። ሥዕሉ ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። «መሬቱን የለቀቀው ሰውየስ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። እውነትም ሰውየው የለም። ቲቸር ጫልቱ ሳጥኗን እንደገና አወጣች። እኔም እንግሊዝ አገር ማሳ ላይ፣ ቆብ ያደረገ፣ መኮትኮቻ የተሸከመ ትንሽ ሰውዬ ጨመርኩ። አባ ይመር ጠጋ ብለው መረመሩት። «በግራ ነው የምይዘው» አሉ። መኮትኮቻውን አጠፋሁና በግራ ትከሻው አደረግኩለት። ያን ጊዜ በቁጣ ሳይሆን በሳቅ ጥርሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ከፊት ሁለቱ የሉም ነበር።

ሰኔ ላይ ሁላችንም ተፈተንን። ሐዋ በሒሳብ በለጠችኝ፣ እኔ በአማርኛ በለጥኳት፤ ሁለታችንም አለፍን።

አሁን ሐዋ ሆሞሻ ውስጥ ትልቅ ሱቅ አላት። አማርኛዋ ከኔ ይበልጣል፤ ስልክ ስትደውልልኝ ግን ሆን ብላ «አንተ ሉባባ» ትለኛለች፤ ሁለታችንም እንደ ልጅ እንስቃለን። ቲቸር ጫልቱ ወደ አገሯ ተዛውራ ከሄደች ብዙ ጊዜ ሆነ። አባ ይመር በሽምግልና፣ በልጅ ልጆቻቸው መሀል አረፉ። ሥዕሉም ትምህርት ቤቱ ሲታደስ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ልጄ ባሕርን በስልክ አይታዋለች፤ ዓሣ ነባሪው ሲዘል፣ መርከቡ ሲሄድ፣ ሰማያዊ ሆነ አረንጓዴ ሁሉንም ዓይነት። ስለዚህ በባሕር ጉዳይ የሚከራከራት የለም። አንዳንዴ ያሳዝነኛል። እኛ አንዲት ወረቀት ፊት አንድ ዓመት ተቀምጠን እንኳ አይተን አልጠገብንም ነበር።

ባለፈው እሑድ ይዣት ወደ አምባው ሄድኩ። ዛሬ ብዙ ልጆች በባጃጅ ነው የሚሄዱት፤ የእግሩን መንገድ የሚመርጡ ግን አልጠፉም። ቀርከሃዎቹ ወፍረው፣ ተቃቅፈው፣ ጠርዙን እንደ ግድግዳ ይዘውታል። ያላረፈው ከኩርባው ወዲያ ያለው በኩል ነው፤ እዚያ ቦረቦሩ አሁንም ይገምጣል። እዚያ ስንደርስ አንድ ሰው አጥር ይተክላል። የአባ ይመር ልጅ ሰይድ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል። አላወቀኝም። አሮጌዎቹ የአጥር ጉድጓዶች ከአዲሱ መስመር ሦስት እርምጃ ወደ ውጭ አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ።

«ቀበሌው ነው አስገባ ያለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ቀበሌ ምን አገባው?» አለኝ ካስማውን እየመታ። «ክረምት ሊገባ ነው እኮ። ልጆች ያልፉበታል።»

ማን እንደሆንኩ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በእኔ ጊዜ ሦስት ጊዜ ሽምግልና ተልኮ፣ መሬት ተንዶ፣ ልጅ አልቅሶ ነበር መንገዱ የተገኘው። ዛሬ ማንም ሳይጠይቀው፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ብቻውን ይቆፍራል። ልጄን «ነይ ያዢለት» አልኳት። እሷ አንዱን ቀርከሃ ያዘች፣ እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሌላውን ያዝኩ፤ ሰይድም «አቅኑት፣ ወደ እኔ ዘንበል ብሏል» ማለት ጀመረ።